ስደት፣ ቋንቋና ሰሚ፦ የኢትዮጵያውያን የስደት ግጥም ከትውልድ ወደ ትውልድ



ይህች የተሰበሰብንባት ከተማ ስሟን ያገኘችው ከስደት ተመላሽ ነው ይባላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው በጎጃም በኩል ወደ መናገሻቸው ሲያልፉ «ፍኖተ ሰላም» እንዳሏት የአገሩ ሰው ይተርካል። በዚያው ዘመን በሱዳን በስደት ቆይተው ወደ አገራቸው ከተመለሱት አንዱ ደግሞ የደብረ ኤልያሱ ባለቅኔ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። የእርሳቸው ትውልድ ስደት አምስት ዓመት ነበር። የወጣውም የተመለሰውም ያው ሰው ነው፤ ልጆቹ በባዕድ ቋንቋ እስኪገጥሙ ድረስ አልቆየም። ዛሬ የምናገረው ስላልተመለሱትና ስለ ልጆቻቸው ግጥም ነው።

ስደት ረዝሞ ትውልድ ሲቀየር ግጥም በመጀመሪያ ቋንቋውን ያጣል ይባላል። እኔ ቀድሞ የሚጠፋው ሰሚው ነው እላለሁ። ይህን እንድል ያደረገኝ የቅኔ ቤት ነው።

በጎጃም ግጥምና ከቤት መውጣት ተለያይተው አያውቁም። የቅኔ ተማሪ ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ቀዬ ይወጣል፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ይማራል። በአጠገቡ ጉባኤ ቢኖር እንኳ ርቆ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ዘመድ ያለበት ቦታ ለትምህርት አይመችምና። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የገነነው ከሩቅ በመጡ ልጆች ጭምር ነው። እዚያ የሚቀኙበት ግእዝ ደግሞ የማንም የእናት ቋንቋ አይደለም። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት አንሥቶ እስከ መወድስ ስምንት ቤት ድረስ ተማሪው የሚቀኘው ተምሮ ባገኘው ቋንቋ ነው። እንግዲህ «እውነተኛ ግጥም በእናት ቋንቋ ብቻ ይጻፋል» የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ አፈር የበቀለ አይመስለኝም። ቅኔ ቤት ግን ሰሚ ነበረው። ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፤ ጓደኞቹ ሰሙን ከወርቁ ይለያሉ። የሚፈታው ያጣ ቅኔ ሰም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በውጭ የቀሩት ገጣሚዎች ሰሚያቸውን አገር ቤት ትተው የወጡ ናቸው። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ አረፈ፤ የግጥም መድበሉ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» አዲስ አበባ ላይ ታትሞ የወጣው እርሱ ካረፈ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። «በረከተ መርገም»ን ያነበበልን ገሞራው፣ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ በስዊድን አረፈ። ሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት»ን በ1963 ዓ.ም. አሳትሞ፣ ሁለተኛ መድበሉን «ዘበት እልፊቱ»ን ያወጣው ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በሚኒሶታ እየኖረ ነው። ሰሎሞን የተወለደው ወለጋ፣ ኦሮምኛ በሚነገርበት አካባቢ መሆኑን ልብ በሉ። እንደ ቅኔ ተማሪው ሁሉ እርሱም ለግጥሙ ቋንቋ መርጧል። ሦስቱም አማርኛን አልተዉም፤ ግጥማቸው ግን አንባቢውን ለማግኘት ባሕር ማቋረጥና ዓመታት መጠበቅ ነበረበት።

ጃፓኖች ለዚህ ዓይነቱ ነገር የቁጥር ስም አላቸው። ወደ አሜሪካ የተሻገረው «ኢሴይ»፣ እዚያ የተወለደው ልጅ «ኒሴይ»፣ የልጅ ልጁ «ሳንሴይ» ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ከ110 ሺህ በላይ የሚሆኑትን በየበረሃው ሲያግዝ፣ ኢሴዮቹ በካምፖቹ ውስጥ እየተሰበሰቡ በጃፓንኛ ታንካና ሃይኩ ይገጥሙ፣ አንዱ የሌላውን ያርሙ ነበር። የቅኔ ጉባኤን ያስታውሰኛል። ስለዚያው እስር በእንግሊዝኛ የጻፈችው ሚትሱዬ ያማዳ መጽሐፏን ያሳተመችው ግን በ1976 ነው። እኛ «ዳያስፖራ» ብለን ሁሉንም በአንድ ከረጢት እንከታለን፤ አባትን ከልጅ የምንለይበት ቃል እንኳ አላበጀንም።

ለልጆቹ ትውልድ ምሳሌዬ ለምን ሲሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ አገር ከኢትዮጵያዊት ተማሪ ተወለደ። «ኖርማን» የሚል ስም ወጥቶለት ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጠ፤ በ12 ዓመቱ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተላከ። ከማሳደጊያው ሊወጣ ሲል የልደት ወረቀቱን አየ፤ እናቱ ያወጣችለት ስም እዚያ ላይ ነበር። አማርኛ ሳይሰማ አድጎ በእንግሊዝኛ ታላቅ ገጣሚ ሆነ፤ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለርም ነበር። ስሙ ጥያቄ መሆኑን የእንግሊዝኛ አንባቢ ያውቃል፤ ገጣሚው በ2019 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ርእስ ነግሮታልና። የቅኔ ተማሪ ግን እዚህ ላይ አያቆምም። «ም» ላልታ ስትነበብ ጥያቄ ነው፤ ስትጠብቅ «ለምን!» የሚል ትእዛዝ ይሆናል። ሲሳይ ደግሞ የዕለት እንጀራ ነው። ከእናቱ ርቆ በሰው ደጅ ያደገ ልጅ በስሙ ውስጥ አኩፋዳ ይዞ ይዞራል ማለት ነው። እናቱ ይህን አስባ አወጣችው አልልም፤ ቅኔ ፈቺ የባለቤቱን ሐሳብ ብቻ አይፈታም። ይህን ወርቅ መስማት የሚችል ሰው ግን ማንቸስተር ውስጥ ከመገኘቱ ይልቅ ቡሬ ገበያ ላይ መገኘቱ ይቀላል።

ታዲያ እኛ ምን እያደረግን ነው? ሰሎሞንን አማርኛ ክፍል እናስተምራለን፤ ለምንን ብናስተምር እንኳ እንግሊዝኛ ክፍል፣ እንደ ብሪታንያ ገጣሚ ነው። በ2016 «ፉሺያ» የተባለ መድበሏን በአሜሪካ ያሳተመችው ማህቴም ሽፈራው፣ በ2014 የብሩኔልን የአፍሪካ ግጥም ሽልማት ያገኘችው ልዩ ልብሰቃልም ዕጣቸው ይኸው ነው። አማርኛ ተማሪው አያነባቸውም፤ እንግሊዝኛ ተማሪው አይሰማቸውም።

ጉዳዩ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። ከዚህ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ማንኩሳ አለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህን የወለዱባት፣ ለቅኔ ትምህርትም ያስወጡባት መንደር ናት። ገጣሚው በዕውቀቱ ሥዩምም የዚያው ልጅ ነው፤ እርሱም ወደ አሜሪካ ተሻግሯል። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት መካከል ወንድም ወይም እኅት በውጭ የሌለው ጥቂት ይመስለኛል። የእነርሱ ልጆች ነገ ግጥም ቢጽፉ አማርኛ ላይሆን ይችላል፤ ወርቁን የሚፈታላቸው ሰው ግን ከእናንተ መካከል ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በስደት ግጥም ላይ አንድ ኮርስ ይከፈት፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይነበቡ፤ በየሴሚስተሩም ቢያንስ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የቅኔ መምህር ይጋበዙልን። በዝርዝሩ ላይ ከጥያቄዎቻችሁ ጋር እንወያይ።