ትንፋሽ፣ ደም እና የዳኛ ፊርማ

በተለይ አሜሪካ ሆናችሁ መሪ የጨበጣችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ታሪክ እናንተን ይመለከታል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1964 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሽመርበር የሚባል ሰው መኪና እያሽከረከረ ተጋጭቶ ሆስፒታል ገባ። መጠጥ የሸተተው ፖሊስ ሐኪሙን ደም እንዲቀዳለት አዘዘ። ሰውየው ጠበቃውን አማክሮ እምቢ ቢልም ደሙ ተወሰደ፤ በዚያው ማስረጃ ተፈረደበት። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም፤ ታዲያ የገዛ ደሙ ሲመሰክርበትስ?

ሰኔ 1966 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ወሰነ። ደም ቃል ስላልሆነ እንደ ምስክርነት አይቆጠርም አለ። ያለ ማዘዣ መወሰዱንም ተቀበለው፤ አልኮል ከደም ውስጥ እየጠፋ ይሄዳል፣ ፖሊሱ ዳኛ ፍለጋ የሚሄድበት ጊዜ አልነበረውም በሚል። የሚገርመው፣ "ዝም የማለት መብት አለህ" የሚያስብለው የሚራንዳ ውሳኔ ከተሰጠ ገና ሳምንቱ ነበር!

ከዚያ በኋላ "አልኮል ይጠፋል፣ ስለዚህ ማዘዣ አያስፈልግም" ብለው የተረጎሙት ነበሩ። በ2013 ከሚዙሪ በመጣ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ይህን ገታው፦ የአልኮሉ መጥፋት ብቻውን ሁልጊዜ በቂ ምክንያት አይሆንም፤ ዳኛን በስልክም ማግኘት የሚቻልበት ዘመን ነው። በ2016 ደግሞ መስመሩን አሰመረ። በሕጋዊ መንገድ ለተያዘ ሹፌር የትንፋሽ ምርመራ ያለ ማዘዣ ይቻላል፤ ደም ግን መርፌ ሰውነት ውስጥ ስለሚገባ በመሠረቱ ማዘዣ ይፈልጋል። ደም አልሰጥም ማለት ብቻውን ወንጀል ሊሆን አይችልም፤ መንጃ ፈቃድ ግን ሊያስነጥቅ ይችላል።

ማስቆሙም የራሱ ሕግ አለው። በ1979 ፖሊስ ያለ ምንም ጥርጣሬ ደስ ያለውን መኪና እየመረጠ ማስቆም እንደማይችል ተወሰነ። በ1990 ግን ሁሉንም በአንድ ደንብ የሚያስቆም ኬላ 6 ለ 3 ተፈቀደ። ጉዳዩ የመጣባት ሚሺጋን ራሷ በ1993 በገዛ ሕገ መንግሥቷ ከለከለችው! ስለዚህ የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ እወቁ።

ይህ ሁሉ ክርክር ሰካራምን ለማስመለጥ አይደለም። ጠጥቶ መንዳት ሰው ይገድላል፣ አለቀ። ጥያቄው መንግሥት የሰው ገላ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማንን ማስፈቀድ አለበት የሚል ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ሰውነታችንን ከምርመራ ይጠብቃል፤ አንብቡት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ትንፋሽና ደም ልዩነት አላቸው?