ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ቃል

አቡ ሐሊፋ ከኩዌት ከተማ በስተደቡብ፣ በባሕረ ሰላጤው ዳር ያለች ሰፈር ናት። ዓርብ ዓርብ በመስጊዱ ስብከት፣ በኹጥባው መካከል «ሙናፊቅ» የሚል ቃል ሲነሣ፣ ዐረብኛ ገና ያልለመደ ሐበሻ እንኳ «መናፍቅ አሉ እንዴ?» ብሎ ጆሮውን ያቆማል። ጆሮው አልሳተም። የተለያየው ትርጉሙ ነው፤ እኛ መናፍቅ የምንለው ከሃይማኖቱ የወጣውን ሲሆን፣ ዐረቡ ሙናፊቅ የሚለው ሃይማኖቱ ከአፉ ወደ ልቡ ያልወረደለትን ነው።

ሥሩ ግዕዝ ነው። ነፈቀ ማለት ለሁለት ከፈለ ማለት ነው፤ ንፍቀ ክበብ ያልነው ከዚሁ ነው። ናፈቀ ሲሆን ደግሞ ተጠራጠረ፣ ልቡ ተከፈለ ይሆናል። ጀርመናዊው ሊቅ ቴዎዶር ኖልደኬ እ.ኤ.አ. በ1910 ሙናፊቅ ከግዕዝ የተወረሰ መሆኑን ጻፈ፤ አርተር ጄፍሪም በ1938 ባሳተመው የቁርኣን የውጭ ቃላት መዝገብ አስገባው። የዐረብ ሊቃውንት ግን ቃሉን የፈቱት በበረሃ አይጥ ጉድጓድ ነው፤ በአንዱ አፍ ገብታ፣ ሲመጡባት በስውሩ ታመልጣለች። ይህ ፍቺ የቃሉን ልደት የሚያስረዳ አይመስለኝም፤ ሰውየውን ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

መዲና ላይ ከነቢዩ ጋር እየሰገዱ በስውር የሚያሤሩት የዐብደላህ ኢብን ኡበይ ወገኖች በዚህ ስም ተጠሩ፤ የቁርኣን 63ኛው ምዕራፍም አል-ሙናፊቁን ይባላል። በእኛ ዘንድ መናፍቅ የአርዮስና የመሰሎቹ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ለአስመሳዩ ግን ሌላ ቃል አለን፤ ፈሪሳውያንን የግዕዙ ወንጌል «መደልዋን» ይላቸዋል፤ አድልዎ የምንለው የዚሁ ዘመድ ነው። አማርኛው «ግብዞች» አላቸው። ቁርኣን ወደ አማርኛ ሲተረጎም ሙናፊቁን «መናፍቃን» ተባሉ፤ ቃሉ የዐረብ ትርጉሙን ይዞ አገሩ ገባ።

በሐዲስ የሙናፊቅ ምልክቶች ሦስት ናቸው፦ ሲናገር ይዋሻል፣ ቃል ገብቶ ያፈርሳል፣ ሲታመን ይከዳል። ሦስቱም ሰው በሰው ላይ የሚፈጽማቸው ናቸው፤ አሠሪም በሠራተኛው ላይ። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 68 የቤት ሠራተኛ ሳምንታዊ ዕረፍት አላት። ዕረፍቷን የተነፈገች፣ ደመወዟ የተያዘባት እኅታችን አሠሪዋ አምስቱንም ወቅት ሲሰግድ ብታይ፣ ከሦስቱ የትኛው ምልክት እንደጎደለው መቁጠር አያቅታትም። ማታ ስልኳን አንሥታ ለእናቷ «ናፈቅሽኝ» ስትልም፣ ያው የተከፈለ ልብ ነው የሚናገረው፤ እኩሌታው እዚህ፣ እኩሌታው እዚያ።