በጥርስ የተከፈለው ብራና

በእንግሊዝ አገር በቀደመው ዘመን አባት ልጁን ሙያ ይማር ዘንድ ለመምህር ሲሰጥ፣ ነገሩ በምስክር ፊት በቃል ብቻ ተነግሮ አይቀርም ነበር፤ ጸሐፊው በአንድ ብራና ላይ ያንኑ ውል ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ጽፎ፣ በመካከል የተተወውን ባዶ ስፍራ እንደ መጋዝ ጥርስ እያጠማዘዘ በቢላዋ ይከፍለዋል። አንዱን ክፍል መምህሩ፣ ሁለተኛውን የልጁ ወገን ይይዛል፤ ኋላ ክርክር ቢነሣ ሁለቱ ክፍሎች ይገጠማሉ፤ ጥርሱ ከጥርሱ ያልገባ እንደ ሆነ የውሉ ሐሰትነት ይገለጣል። «ኢንደንቸር» የተባለው የውሉ ስም ራሱ ጥርስ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው።

በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመነ መንግሥት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1563 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፣ ቢያንስ 7 ዓመት ደቀ መዝሙር ሆኖ ያልተማረ ሰው በዚያን ጊዜ በአገሩ በነበሩት ሙያዎች እንዳይሠራ ከለከለ፤ አንቀጹም እስከ 1814 ዓ.ም. ጸንቶ ኖረ።

የውሉን ቃል ላስተዋለ ሰው ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ ይታየዋል፤ ልጁ የመምህሩን ምስጢር እንዲጠብቅ፣ ዘመኑ ሳይፈጸም ሚስት እንዳያገባ፣ ቁማር እንዳይጫወት፣ መጠጥ ቤት እንዳያዘወትር፣ ቀንም ሆነ ሌሊት ያለ ፈቃድ ከቤት እንዳይለይ በዝርዝር ሲታዘዝ፣ መምህሩ ስለ ማስተማሩ የሚገባው ቃል ከምግቡ፣ ከልብሱና ከማደሪያው ጋር ተጠቃልሎ በጥቂት መስመር ያልቃል። በዚያች ጥቂት መስመር ላይ የልጁ ዕድሜ ሁሉ ተንጠልጥሎ ነበር።

ይህም ወላጅ ላለው ነው። ለሙት ልጅና ለድኻ ልጅ የሚዋዋሉለት የአጥቢያው ሹማምንት ነበሩ፤ 18ኛው መቶ ዓመት ሊፈጸም ሲቃረብም ብዙዎቹ ልጆች ከተወለዱበት ርቀው ወደ ጥጥ መፍተያ ፋብሪካዎች ተላኩ። በ1802 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ሥራቸው በቀን ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ መወሰኑ፣ አስቀድሞ ምን ያህል ይደክሙ እንደ ነበር ይመሰክራል። ፊርማውም ማኅተሙም ተሟልቶ ሳለ፣ የውሉን እኩሌታ ይዞ «ልጄን ምን አስተማርኸው?» ብሎ የሚጠይቅ አባት አልነበራቸውምና፣ ይህን ባሰብሁ ቍጥር ልቤ ያዝናል።

የብረት ቀጥቃጭ ልጅ የነበረው ማይክል ፋራዴይ ግን ከመልካም መምህር እጅ ገባ። በ1805 ዓ.ም.፣ በ14 ዓመቱ፣ በለንደን ለመጽሐፍ ደጓሹ ለጆርጅ ሪቦ ለ7 ዓመት ሲሰጥ፣ ወላጆች በልማድ ለመምህሩ የሚከፍሉት ገንዘብ ስለ ልጁ ታማኝ አገልግሎት እንደ ቀረለት በውሉ ተጻፈ። ሪቦም ለመደጐስ የመጣውን መጽሐፍ ቢያነብ አልከለከለውም፤ ስለ ኤሌክትሪክ የተማረው ሊደጐስ ከመጣው ከኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ነው። የውሉ ዘመን በሚፈጸምበት በ1812 ዓ.ም. የሊቁን የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት ሰምቶ፣ የጻፈውን ሁሉ በተማረበት እጁ ደጕሶ ላከለት፤ በሚቀጥለውም ዓመት ዴቪ ረዳቱ አድርጎ ተቀበለው።