«ለ2 ሰው» ያለው ማነው? የድንኳን ታሪክ ባጭሩ

በኛ ሰፈር ድንኳን ሲተከል መንገደኛው የሚጠይቀው ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ሠርግ ነው ለቅሶ?» የእድር ድንኳን ሰፈሩን ሁሉ ካላስቀመጠ ምኑን ድንኳን ሆነ? እንግዲህ እንዲህ ያደግን ልጆች ከጓደኛችን ወይም ከፍቅረኛችን ጋር ካምፒንግ አምሮን ሱቅ ስንገባ ቦርሳው ላይ «ለ2 ሰው» የሚል እናነባለን። አምነን ከመግዛታችን በፊት ግን ይሄ «2» ከየት እንደመጣ ብናውቅ አይከፋም።

ከራሳችን እንጀምር። «ከተማ» የሚለው ቃል የመጣው «ከተመ» ከሚለው ነው፤ ሰፈረ እንደማለት። ከጎንደር በፊት የነበሩ ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ አገር ያስተዳደሩት ከቦታ ቦታ በሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ጽፏል፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ገበያውም፣ የመኳንንቱ ማደሪያም የየራሱ ቦታ ነበረው። ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች፣ ደጅ አዝማች፣ ፊታውራሪ የሚሉት ማዕረጎች ራሳቸው የሰልፍና የሰፈር ቦታ ስሞች ናቸው። አዲስ አበባችንም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከእንጦጦ ወርዶ ፍልውሃ አጠገብ ድንኳን የተከለ ሰው ነው የጀመራት። በአጭሩ የኛ ድንኳን ማን ከማን እንደሚበልጥ ይናገር ነበር፤ የሚያስበው ለሕዝብ እንጂ ለሁለት ሰው አልነበረም።

ትንሿ ድንኳን የመጣችው ከሌላ መንገድ፣ ከአውሮፓ ተራራ ወጪዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ማተርሆርን ተራራ ጫፍ ላይ ቀድሞ የወጣው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐር ለራሱ የሚሆን ድንኳን ነድፎ ነበር። ወለሉ በእያንዳንዱ ጎን 1.8 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 10 ኪሎ ገደማ፣ የታሰበውም ለ4 ሰው! አካፍሉት፤ ለአንድ ሰው 45 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ክንድ ያህል ይደርሰዋል። ከሱ በኋላ የመጣው አልበርት መመሪ ደግሞ ከ2 ኪሎ በታች በሆነ የሐር ድንኳን፣ የበረዶ መጥረቢያውን ምሰሶ አድርጎ አደረ። እነዚህ ሰዎች የሚቆጥሩት በትከሻ የሚሸከሙትን ክብደት ነው። ምቾት ከቤት ይቆይ ነበር።

የምቾት ነገር መለወጥ የጀመረው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ዘ ኖርዝ ፌስ የባክሚንስተር ፉለርን የጉልላት ሐሳብ ተከትሎ፣ ምሰሶዎቹ እንደ ቀስት የሚታጠፉ ድንኳን ሠራ። ጉልላቱ ነፋስን ይችላል፤ ግድግዳውም ቀና ስለሚል ሰው ውስጡ ቁጭ ብሎ ማውራት ቻለ። የቁጥሩ ነገር ግን አልተለወጠም። ዛሬም «ለ2 ሰው» ማለት ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ይገባል ማለት ብቻ ነው። ብዙዎቹ ወርዳቸው 130 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ቦርሳው፣ ጫማው፣ እርጥብ ጃኬቱ አልተቆጠሩም።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው። መኪና የሚያደርሳችሁ ከሆነ ለሁለት ሰው «ለ3» የሚለውን ግዙ። ቀኑን ሙሉ በጀርባ የምትሸከሙት ከሆነ ግን ዊምፐርን አስታውሱ፤ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል፣ ጠበብ ያለውን ቻሉት። ሱቅ ውስጥ ተከሉትና ሁለታችሁም ገብታችሁ ተኙ፣ ቁጭም በሉ፤ ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ። ድርብ ይሁን፤ ውስጡ ወንፊት፣ ላዩ ዝናብ የማያስገባ። ሌሊቱን የሁለት ሰው ትንፋሽ ወደ ውሃነት ስለሚለወጥ ነፋስ መውጫ ከሌለው ሳይዘንብ ትረጥባላችሁ። ሳንቃበርን በመሰለ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ደግሞ እርጥበትና ብርድ ሲገናኙ ቀልድ አይደለም።

ከሁሉ በላይ በሩን እዩ። በር አንድ ብቻ ከሆነ ሌሊት ሽንቱ የመጣበት ሌላውን ረግጦ ነው የሚወጣው፤ ስንት ፍቅር በዚህ ይፈተናል! ሁለት በር ያለው ግን ለሁለቱም እኩል ነው። የድሮው ሰፈር በላይና በታች የተደለደለ ነበር። በሁለት ሰው ድንኳን ውስጥ ግን ቀኝ አዝማችም ግራ አዝማችም አያስፈልግም፤ ሁለቱም ደጅ አዝማች ይሁኑ።