ከጣባ እስከ ጡር፦ የሲና ጠረፍ ስሞች

የሲናን ባሕረ ገብ መሬት ከጣባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚነዳ መንገደኛ በግራው ባሕር፣ በቀኙ ራቁቱን የቆመ ቀይና ጥቁር ተራራ አይለየውም። ባሕሩ የዐቀባ ባሕረ ሰላጤ ነው። ዓረቦች የወደቡን ከተማ ዐቀባን ቀድሞ «ዐቀበት አይላ» ይሏት ነበር፤ የአይላ ዐቀበት ማለታቸው ነው። ለዚህ አማርኛ አስተርጓሚ አይሻም። ከግብፅ ወደ መካ የሚሄዱ ተሳላሚዎች የሚያልፉበትን ገደላማ መንገድ የሚጠራው ቃልና ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስንወጣ የሚያደክመን ቃል አንድ ነው፤ በግእዝ ዐቀብ። (ዐቃቤ ሕግ የተገኘበት ዐቀበ፣ «ጠበቀ»፣ በፊደል ይመስለዋል፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው።) አይላ የሚለው ስም ቀረ፣ ዐቀበት ጸና። ስሙም ከተራራው ወደ ከተማው፣ ከከተማው ወደ ባሕሩ ወረደ፤ የከፍታው ቃል ውሃ ሆነ።

ቀጥሎ ኑወይባዕ። የዓረብኛው ነባዐ «ፈለቀ፣ መነጨ» ነው፤ ናቢዕ «የሚፈልቅ»፣ ኑወይቢዕ ደግሞ ማሳነሻው፣ «ምንጪቱ» እንደማለት። ከ1967 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ቦታውን የያዙት እስራኤላውያን «ነቪዖት» ሲሉት ከዚያው ሥር አልወጡም። ግእዝ ግን ፍልቀቱን ወደ ዓይን ወሰደው፦ ነብዐ «አለቀሰ»፣ አንብዕ «እንባ»። አማርኛችን ዐን ውጦ እንባ አለ። በረሃው ላይ ምንጭ፣ እኛ ዘንድ እንባ፤ በዚህ መንገድ ካሉት ስሞች ሁሉ እኔ ይህን አስበልጣለሁ።

ደሀብ «ወርቅ» ነው፤ ዕብራይስጡ ዛሃብ። ግእዝ ይህን ትቶ ወርቅን ያዘ፤ የሳባ ጽሑፎችም በወ-ር-ቅ ወርቅን ይጠሩበታል። በዓረብኛ ግን ወሪቅ የብር ገንዘብ ነው።

ሻርም አል-ሸይኽ ላይ ጥቂት እንቁም። ሻርም የባሕር ሰርጥ ነው፤ ሸረመ «ሰነጠቀ፣ ሸረፈ» ከሚለው። ውሃው የብሱን ሸርፎ ገብቷል። ይኸው ሥር በ6ኛው መቶ ዓመት የመንን የገዛውን አክሱማዊ አብርሃን ይዞታል፤ የዓረብ ታሪክ ጸሐፊዎች አል-አሽረም ይሉታል። ከሌላው አክሱማዊ አዛዥ ከአርያጥ ጋር ሲዋጋ አፍንጫው ተሸረፈ ይላሉ። አንድ ሥር የንጉሥን ፊትና የባሕርን ዳርቻ ሰየመ።

ከሻርም ትንሽ አልፎ ባሕረ ገቡ ያበቃል፤ ራስ ሙሐመድ። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የግእዙ ርእስ በአማርኛ ራስ እንደሆነ ሁሉ፣ የዓረብኛው ረእስም በሕዝብ አፍ ራስ ሆኗል፤ ሁለቱም አን ዋጡ። በራስ ደጀን ራስ ወደ ሰማይ ይቀናል፤ እዚህ ወደ ባሕር ይዘልቃል።

መንገዱ ወደ ስዌዝ በኩል ዞሮ ጡር ይገባል። ጡር በሶርያውያን አፍ ጡራ፣ ተራራ ነው፤ ከተማዋ ግን በባሕር ዳር ሜዳ ላይ ናት፣ ተራራው ከበስተኋላዋ። ግእዝ ለተራራ ደብርን መረጠ። መነኮሳት ተራራ ስለሚወዱ ደብር ገዳም ሆነ፤ ኋላም በከተማ መካከል የታነጸ፣ አለቃ የተሾመለት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ደብር ተባለ።