የማን ጥቁር?

የአንድ አገር ነጻነት በታሪክ መጻሕፍት ዘንድ የሚቈጠረው ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ ነው። ሴኔጋል ሰንደቅ ዓላማዋን የሰቀለችው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ኡስማን ሴምቤን የተባለው ደራሲ፣ ያ ነጻነት ያልገባበት አንድ ቤት መኖሩን የሚያሳይ፣ አንድ ሰዓት ያህል የሚረዝም ፊልም ሠራ። ርእሱ በፈረንሳይኛ «ላ ኗር ደ...» ነው፤ «የእገሌ ጥቁር ሴት» እንደ ማለት ሲሆን፣ የእገሌ ስም ግን አልተጻፈም፤ በስሙ ስፍራ ነጥብ ብቻ ተደርድሯል።

ሴምቤን በ1923 ዓ.ም. በዚጊንሾር ተወልዶ በማርሴይ ወደብ ጭነት በማራገፍ የኖረ ሰው ነው። በልብ ወለድ ድርሰቶቹ ስሙ ከታወቀ በኋላ፣ ያገሩ ሕዝብ አብዛኛው ማንበብ የማይችል መሆኑን ተመልክቶ ሞስኮ ሄደና የፊልም ሥራ ተማረ። በቅኝ ግዛቱ ዘመን አፍሪቃውያን በገዛ ምድራቸው ፊልም ማንሣታቸውን የሚቈጣጠር፣ በ1934 ዓ.ም. የወጣና በላቫል ስም የሚጠራ ድንጋጌ ነበረ። እንግዲህ አፍሪቃዊ ካሜራ ይዞ የነጭን ቤት ከወጥ ቤቱ በኩል መመልከቱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የታሪኩም መነሻ በ1958 ዓ.ም. በኒስ ጋዜጣ የወጣ አጭር ወሬ ነበር።

ዲዋና በዳካር መንገድ ዳር ከብዙ ሴቶች ጋር ተቀምጣ ቀጣሪ ትጠብቃለች። ፈረንሳዊቱ እመቤት ስትመጣ ሌሎቹ ሲሻሙ እርሷ ዝም ብላ በመቀመጧ ተመረጠች። በዳካር ሥራዋ ልጆች መጠበቅ ነበረ፤ ማታ ወደ እናቷ ትመለሳለች፤ የሚወዳትም ጐልማሳ አለ። ደስ ቢላት ለእመቤቷ አንድ ጭንብል በስጦታ አበረከተች። ከዚያም ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ አንቲብ ከተማ ጠሯት። በዚያ ልጆቹ ስላልነበሩ ማብሰል፣ መጥረግና ማጠብ ብቻ ሆነ። ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቂ ተባለች፤ ደመወዟም ዘገየ፤ ባሕሩንም ያየችው በመስኮት ብቻ ነው።

እመቤቲቱ ያችው ናት፤ ገረዲቱም ያችው ናት። የተለወጠው ዲዋና ማታ የምትሄድበት ቤት ማጣቷ ነው። የአንዱ ሰው ሥልጣን በሌላው ላይ የሚበረታው በጌታው ክፋት ብቻ ይመስለን ነበር፤ ይህ ፊልም ግን በር ካለመኖሩም እንደሚበረታ አስተማረን። እመቤቲቱም ብትሆን ነጻ አይደለችም። በዳካር ታላቅ ሴት የነበረችው በአገሯ በጠባብ አፓርታማ የምትኖር ተራ ሰው ሆናለች፤ ከቀድሞው ክብሯ የቀራት ገረዷን ማዘዝ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዲዋና ከእንቅልፏ ስትዘገይ ትጮኻለች።

ከሁሉ ይልቅ የከበደን የደብዳቤው ነገር ነው። ዲዋና ማንበብና መጻፍ አታውቅም። የእናቷ ደብዳቤ በደረሰ ጊዜ ጌታው አነበበላት፤ አንድም ቃል ሳትነግረው መልሱን በስሟ ይጽፍ ጀመር። እርሷም ደብዳቤውን ቀደደችው። በፖስታ ቤት ደጃፍ ለሌላ ሰው ደብዳቤ ሲጻፍ ያየ ሁሉ፣ ጸሐፊው የባለጉዳዩን አፍ እንደሚጠብቅ ያውቃል። እዚህ ግን አፉም ተወሰደ። ድምፅ አውጥታ የምትናገረው «እሺ» ከማለት ብዙም የማያልፈው ዲዋና፣ በልቧ የምታስበውን ተመልካቹ የሚሰማው በሌላ ተዋናይት ድምፅ፣ ያውም በፈረንሳይኛ መሆኑ ይህንኑ ያጸናዋል።

በአገራችንም ቤይሩትና ሪያድ ሄደው ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ የቀረባቸውን እኅቶች ወሬ ያልሰማ የለም። መንግሥት ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገሮች መሄድን በእኛ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. አግዶ በ2010 ዓ.ም. እገዳውን አንሥቷል። እገዳ መንገዱን ይዘጋ ይሆናል፤ እዚያ ላሉት ግን በር አይከፍትም።

ዲዋና በመጨረሻ ጭንብሏን ከግድግዳው አወረደች። እመቤቲቱ የእኔ ነው ብላ ብትታገላትም አልለቀቀችም። የተሰጣትንም ገንዘብ መለሰች። ከዚያ በኋላ በመታጠቢያ ቤት ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። ይህን ድል ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ድሉ ጭንብሉን ማስመለሷ ነበረ፤ ሞቷ ግን የሚሄዱበት አገር ማጣት ነው።

ጌታው ሻንጣዋን፣ ጭንብሉንና ደመወዟን ይዞ ወደ ዳካር ሄደ። እናቲቱ ገንዘቡን አልቀበልም አለች። አንድ ትንሽ ልጅ ጭንብሉን አንሥቶ ፊቱ ላይ አደረገና ሰውየውን በመንደሩ መንገድ ይከተለው ጀመር። ሰውየው እየዞረ ያያል፤ ርምጃውን ያፈጥናል፤ መኪናውም ውስጥ ገብቶ ይሸሻል። ልጁ ያን ጊዜ ጭንብሉን ቀስ ብሎ ከፊቱ ያወርዳል።