ፒያሳ ሱቆቿን ስታጣ፦ የአዲስ አበባ ገበያ ስንት ጊዜ ተነሳ?

ለአብነት ልጅ መርካቶ በእግር የሚደረስ ጎረቤት ነው። የከተማዋ ዋና ገበያ ግን ድሮ እዚያ አልነበረም፤ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር።

ገበያውን ወደ ምዕራብ የገፋው የጣሊያን ወረራ ነው (1928–1933 ዓ.ም.)። ወራሪው ከተማዋን በዘር ከፋፍሎ አራዳን ለአውሮፓውያን፣ አዲሱን ገበያ ደግሞ ለአገሬው ሰው መደበ። "ፒያሳ" (አደባባይ) እና "መርካቶ" (ገበያ) የሚሉት የጣሊያንኛ ስሞች የቀሩት ከዚያ ነው።

ከነፃነት በኋላ ፒያሳ የወርቅ ቤት፣ የልብስ ሱቅ፣ የኬክ ቤትና የሲኒማ ሰፈር ሆና ደመቀች። በ1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነጋዴ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ተከራይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማት መጣና ብዙው የፒያሳ ክፍል ፈረሰ።

ልዩነቱን እዩት። እንግሊዝ ውስጥ ዴበንሃምስ የተባለው ግዙፍ የሱቅ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ሱቆቹን በሙሉ ዘግቷል፤ ዕዳ ከብዶት፣ ገዢውም ወደ ኦንላይን ሄዶበት። ፒያሳ ግን ገዢው ሳይሸሽ ነው ሱቁ የፈረሰው።

ተከራይ ነጋዴ ምትክ ቦታ ቢያገኝ እንኳ ደንበኛ በምትክ አይሰጥም። በዓመታት የተገነባ መተማመን፣ ዱቤውም ጭምር፣ ከሰፈሩ ጋር ይበተናል። አንዳንዱ በቴሌግራምና በቲክቶክ ደንበኞቹን መልሶ ይሰበስባል፤ ስልክ የማይሆንለት አዛውንት ነጋዴ ግን ይቀራል።

የለመዳችሁት ሱቅ ከተነሳ፣ አዲሱን አድራሻ ጠይቃችሁ ለጓደኛ ንገሩ።